ስለ ሠራተኞች መኖሪያ ቤት፤ ከወንጂ እስከ ኮምቦልቻ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን የታሪክ ክበብ አባሎች በአዳራሽ ያሰሙት ንግግር)



ለዛሬው በዓል ከየክበቡ አንድ አንድ ንግግር እንዲቀርብ በታዘዘ ጊዜ ሌሎቹ ክበቦች ቀደሙን። ስለ ንጉሥ ሚካኤልና ስለ አይጠየፍ አዳራሽ የሚናገር ተገኘ፤ ስለ ጦሳ ተራራ ደን የሚናገርም ተገኘ። እኛ የታሪክ ክበብ ተብለን ታሪኩን ሌላ ሰው ወሰደብን ብለን ጥቂት ቅር ብሎን ነበር። በስብሰባችን ላይ ግን ከመካከላችን አንዱ፥ «ለመሆኑ ከእናንተ ውስጥ ስንቱ ነው በአባቱ ቤት የሚያድር?» ብሎ ጠየቀ። ብንቆጠር ከሠላሳ አንዱ አባሎች አሥራ አራቱ በኪራይ ክፍል የሚያድሩ ሆነው ተገኙ። ቅዳሜ ወደ ገጠር ሄደው ስንቃቸውን ይዘው እሑድ ማታ የሚመለሱ፥ ሁለትና ሦስት ሆነው አንድ ክፍል የሚካፈሉ ናቸው።

ደግሞም ከእኛ ጋር 11ኛ ክፍል የነበረች አንዲት እኅታችን ባለፈው ዓመት ትምህርቷን አቋርጣ ወደ ኮምቦልቻ ወርዳ በፋብሪካ ተቀጥራለች። ስሟን አንጠራም፤ ታሪኳን እንድንናገር ግን ፈቅዳልናለች። ትምህርቷን የተወችው ደካማ ስለ ነበረች አይደለም፤ በሒሳብ ከእኛ ትበልጥ ነበር። የክፍል ኪራይና የስንቅ ነገር አልሆን ስላላት ነው። ስለዚህ ርእሳችን ከዚያ ቀን ጀምሮ ታወቀ፤ ሠራተኛ ሰው የት ያድራል? ቤቱንስ ማን ይሠራለታል? ይህን ጥያቄ በዓለም ላይ ብዙ ሰዎች ከእኛ በፊት ጠይቀውታል፤ መልስ የሰጡም፥ መልሳቸው የተበላሸባቸውም አሉ።

አንድ ቅዳሜ ስምንት ሆነን ልንጠይቃት ወረድን። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ያለው መንገድ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ነገር ግን የሐረጎን ጠመዝማዛ ወርዶ ሜዳው ላይ ሲደርሱ ሌላ አገር የገቡ ይመስላል። ደሴ ላይ የደረብነውን ሹራብ በየተራ እያወለቅን ደረስን። የእኅታችን ክፍል በአንድ ግቢ ውስጥ በረድፍ ከተሠሩት ስድስት ክፍሎች ሦስተኛው ነው። ግድግዳው ጭቃ፥ ጣራው ቆርቆሮ ነው። በእርምጃችን ለካነው፤ በአንድ በኩል አራት፥ በሌላው በኩል ሦስት እርምጃ ሆነ። በዚያ ውስጥ አራት ሴቶች ልጆች ይኖራሉ። ፍራሹ ሁለት ነው፤ ሁለቱ በሌሊት ፈረቃ ሲሠሩ ሁለቱ ይተኛሉ፥ እነዚያ ጧት ሲመለሱ እነዚህ ይነሣሉ። «ፍራሻችን ከእኛ ይልቅ ይሠራል፤ ዕረፍት የለውም» ብላ አሳቀችን። ሽንት ቤቱ ለስድስቱም ክፍል አንድ ነው። መብራቱ የሚቆጠረው በባለቤቲቱ ቆጣሪ ስለ ሆነ ኤሌክትሪክ ምድጃ አይፈቀድም፤ በከሰል ያበስላሉ። ክፍሉ ግን እጅግ ንጹሕ ነበር፤ ቡናም ተፈልቶልን ጠጣን።

ወደ ደሴ ከተመለስን በኋላ መጻሕፍት ማገላበጥና ሽማግሌዎችን መጠየቅ ጀመርን። ያገኘነውንም እነሆ እናቀርባለን።

ኩባንያ ለሠራተኛው ቤት የሚሠራበት ምክንያት ብዙ ጊዜ ርኅራኄ ብቻ አይደለም። ፋብሪካው ከከተማ ርቆ የተተከለ እንደ ሆነ ሠራተኛው የሚያድርበት ስለማይኖር ነው፤ ወይም ፊሽካው ሲነፋ ሰዎቹ በሰዓቱ በር ላይ እንዲገኙ ስለሚፈለግ ነው፤ ወይም ደግሞ ሥራ የለመደ ሰው ወደ ሌላ ቦታ እንዳይሄድ በቤት ለመያዝ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሦስቱም አብረው ይገኛሉ።

በአገራችን የዚህ ዓይነት ሰፈር ከጥንት ከሚታወቅባቸው ቦታዎች አንዱ ድሬዳዋ ነው። የምድር ባቡሩ ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. እዚያ ደረሰ፤ ከተማይቱም የተቆረቆረችው በባቡሩ ምክንያት ነው። ኩባንያው ቀጥ ባሉ መንገዶች በተከፈለው በከዚራ በኩል ጣቢያውንና የሹማምንቱን ቤቶች አሠራ፤ ከደቻቱ አሸዋማ ወንዝ ማዶ ደግሞ መጋላ ገበያውና ሕዝቡ በገዛ እጁ የሠራው ሰፈር ሆነ። ዛሬ ድሬዳዋን የጎበኘ ሰው ሁለቱን ሰፈሮች ወንዙ ሳይነግረው በዛፉና በመንገዱ ብቻ ለይቶ ያውቃቸዋል።

ሁለተኛው ምሳሌ ሁላችሁም ስሙን የምታውቁት፥ ትርጕሙን ግን ብዙዎቻችን የማናውቀው ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ካዛንቺስ የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከኢጣልያ ቋንቋ ነው። «ካዛ» ቤት ማለት ነው፤ «ኢንቺስ» የተባለው ደግሞ ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት የሚሠራ የኢጣልያ መሥሪያ ቤት አጭር ስም ነበር። በወረራው ዘመን ለኢጣልያውያን ሠራተኞች ብቻ የተሠራ ሰፈር ነበርና ኢትዮጵያዊ እዚያ እንዲኖር አልታሰበም። ወራሪው ከወጣ በኋላ ቤቱም ስሙም ለእኛ ቀረ። ካዛንቺስ እያለ የሚጣራ የታክሲ ረዳት ሁሉ ሳያውቀው ስለ ሠራተኞች መኖሪያ ቤት ይናገራል ማለት ነው።

አሁን ዋናው ነገር ወደሚገኝበት ወደ ወንጂ እንሂድ። ሀ.ቬ.አ. የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ቀድሞ በኢንዶኔዥያ የሸንኮራ አገዳ እርሻ የነበረው ነው። ያች አገር ነፃነቷን ካገኘች በኋላ ሌላ ቦታ ሲፈልግ በ1943 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ተዋዋለ፤ በናዝሬት አጠገብ፥ በአዋሽ ወንዝ ዳር ያለው ሜዳም ተሰጠው። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ሁለተኛው የሸዋ ፋብሪካ፥ ኋላም በመተሐራ ሌላ ፋብሪካ ተጨመረ። መሬቱ ቀድሞ ከብት የሚሰማራበት የኦሮሞ አርብቶ አደሮች ግጦሽ ስለ ነበር በአቅራቢያው ይህን ሁሉ ሠራተኛ የሚያስጠጋ ከተማ አልነበረም። ከከምባታ፥ ከሐዲያ፥ ከወላይታና ከሌላም አገር ለመጣው አገዳ ቆራጭ ቤት መሥራት የኩባንያው ግዴታ ሆነ።

ስለዚህ በእርሻው መካከል በየቦታው መንደሮች ተሠሩ። መንደር ማለት እንደ እኛ አገር በቅዱስ ወይም በሸህ ወይም በዛፍ ስም የሚጠራ አይደለም፤ በፈረንጅ ፊደል ይጠሩ ነበር። የሰው ልጅ «አገርህ የት ነው?» ሲባል አንድ ፊደል ብቻ ጠርቶ ዝም ማለቱ ለእኛ እጅግ የሚያስገርም ሆኖብናል። የቤቶቹም ዓይነት እንደ ሥራው ደረጃ ነበር። ለሆላንዳውያን ሹማምንት በአትክልት የተከበበ ቪላ፥ ለኢትዮጵያውያን ጸሐፊዎችና ባለሙያዎች መካከለኛ ቤት፥ ለአገዳ ቆራጩ ደግሞ በረድፍ የተሠራ ክፍል። አንድ ሰው ዕድገት ማግኘቱ ከደመወዙ ይልቅ በዕቃው ይታወቃል፤ ጋሪ ተጭኖ ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው ሲሄድ ጎረቤት ሁሉ ያየዋል።

ይሁን እንጂ ወንጂን ማማረር ብቻ ፍርድ ማጓደል ነው። ሐኪም ቤት ነበረ፥ ትምህርት ቤት ነበረ፥ ክበብና የእግር ኳስ ቡድን ነበረ፤ የወንጂ ቡድን በአገር ውስጥ ታዋቂ ነበር። በዚያ ዘመን በብዙ የገጠር አውራጃ ያልነበረ ነገር በአገዳ መካከል ተገኝቷል። ደግሞም ሰዎች በአንድ ቦታ ተሰብስበው መኖራቸው አሠሪው ያላሰበውን ውጤት አመጣ። ጎረቤታሞች ማታ በየደጃፉ ሲያወሩ ስለ ደመወዛቸው መነጋገራቸው አይቀርም። በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ሲቋቋም የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት የሆኑት አቶ አበራ ገሙ ከወንጂ የመጡ ሰው ነበሩ። አሠሪው ሠራተኛውን በአንድ ላይ ያሰፈረው ለሥራው እንዲመቸው ነበር፤ ሠራተኛው ግን በዚያው ምክንያት እርስ በርሱ ተዋወቀ።

በወንጂ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ያሳዘነን የውሃው ነገር ነው። መንደሮቹ ከወንዙ ራቅ ስለሚሉ የሚጠጡት ከጕድጓድ የሚወጣ ውሃ ነበር። ውሃው ንጹሕ ይመስላል፤ አይሸትም፥ አይደፈርስም። ነገር ግን በስምጥ ሸለቆ ያለው ምድር እሳተ ገሞራ የሠራው ስለ ሆነ ከድንጋዩ ውስጥ ፍሎራይድ የተባለ ንጥረ ነገር ወደ ውሃው ይገባል። የዓለም የጤና ድርጅት በአንድ ሊትር ውስጥ ከ1.5 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ሲመክር በወንጂ ከነበሩት ጕድጓዶች አንዳንዶቹ ከ10 ሚሊ ግራም በላይ ነበራቸው። ይህን ውሃ እየጠጣ ያደገ ሕፃን ጥርሱ ይበልዛል። ከዐሥር ዓመት በላይ የጠጣ ትልቅ ሰው ደግሞ አጥንቱ እየደነደነ ይሄዳል፤ አንገቱን ማዞር፥ ወገቡን ማቅናት ያቅተዋል። ሐኪሞች ይህን በሽታ በወንጂ ሠራተኞች ላይ መርምረው ጽፈውታል፤ ፍሎራይዱን የሚቀንስ ማጣሪያም ከጊዜ በኋላ በየመንደሩ ተተክሏል። እንግዲህ ልብ በሉ። በራሱ ቤት የሚኖር ሰው ውሃው ካልተስማማው ሌላ ምንጭ ይፈልጋል ወይም ይሰደዳል። በኩባንያ ቤት የሚኖር ሰው ግን ውሃውን ለመለወጥ ሥራውን መለወጥ አለበት። የሚያስከፋውም ነገር ብዙ ዘመን ያገለገለው፥ ታማኝ የተባለው ሠራተኛ ከሁሉ ይልቅ መጎዳቱ ነው፤ ብዙ የጠጣው እርሱ ነውና።

ወደ እኛ አገር ቀረብ ያለው ደግሞ ተንዳሆ ነው። ሚቸል ኮትስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በ1950ዎቹ መጀመሪያ በታችኛው አዋሽ፥ በዱብቲ አካባቢ የጥጥ እርሻ አቋቁሞ ነበር። በለቀማ ጊዜ ከወሎ ደጋ ብዙ ሰው ወደዚያ ይወርድ ነበር። የመጣው ለጥቂት ወራት ስለ ሆነ ቋሚ ቤት የሚገባው ሰው ተብሎ አይቆጠርም፤ በቆላው ያለችው የወባ ትንኝ ግን ቋሚና ጊዜያዊ ብላ አትለይም። ዛሬ በዚህ አዳራሽ ከተቀመጡት አያቶቻችን መካከል ያን መንገድ በእግር የወረደ ይኖራል ብለን እናምናለን። ካለም ከበዓሉ በኋላ በክበባችን ክፍል ቢያጫውተን ደስታችን ነው።

በውጭ አገር የሆነውንም ጥቂት እንናገር። በአሜሪካ ቺካጎ አጠገብ ጆርጅ ፑልማን የተባለ የባቡር መኝታ ሠረገላ ሠሪ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1880 ጀምሮ ለሠራተኞቹ አንድ ሙሉ ከተማ አሠራ። ቤቱ የጡብ ነው፥ ቧንቧ አለው፥ መናፈሻና መጻሕፍት ቤት አለው። ጎብኚዎች እየመጡ ያደንቁ ነበር። ነገር ግን ቤቱን መግዛት ክልክል ነው፤ መከራየት ብቻ ነው የሚቻለው። በ1893 የንግድ ድቀት በመጣ ጊዜ ኩባንያው ደመወዙን ከሩብ ያህል ቀነሰ፥ ኪራዩን ግን አልነካም። ሠራተኛው ኪራዩ ሲቀነስለት በእጁ የሚደርሰው ዳቦ የማይገዛ ሆነ። በ1894 ሥራ አቆሙ፤ አድማው በአገሪቱ የባቡር ሐዲድ ሁሉ ተስፋፋ፥ ወታደር ተላከ፥ ሰዎችም ሞቱ። ከአራት ዓመት በኋላ የኢሊኖይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኩባንያው ለሥራው የማያስፈልገውን ቤት ሁሉ እንዲሸጥ ፈረደ።

በፈረንሳይ አገር በሙሉዝ ከተማ ደግሞ ሌላ ነገር ተሞከረ። የጨርቅ ፋብሪካ ባለቤቶች በ1853 ማኅበር አቋቁመው አራት ቤቶች በአንድ ጣራ ሥር፥ ለእያንዳንዱም በየማእዘኑ የራሱ በርና የራሱ ጓሮ እንዲኖረው አድርገው አሠሩ። ከቤቱ ይልቅ የሚያስደንቀው ውሉ ነው። ሠራተኛው መጀመሪያ ጥቂት ከፍሎ ከዚያ በኋላ በየወሩ የሚከፍለው ገንዘብ እንደ ኪራይ ጠፍቶ አይቀርም፤ ከዓመታት በኋላ ቤቱ የራሱ ይሆናል። በዚህ ዓይነት እስከ ክፍለ ዘመኑ መጨረሻ ከ1,200 በላይ ቤቶች ተሠሩ። ጕድለቱም የመጀመሪያውን ክፍያ መክፈል የሚችለው ደኅና ደመወዝ ያለው ብቻ መሆኑ ነው፤ ከሁሉ ያነሰ የሚያገኘው ሰው ከውጭ ቆሞ ያይ ነበር።

ስለ ፑልማን ባነበብን ቀን በክበባችን ክርክር ተነሣ። አንዳንዶቻችን «ይህ በአሜሪካ የሆነ ነው፥ እኛን ምን አገባን» አልን። በሰፈራችን ያሉትን አንድ ጡረተኛ አባት ልንጠይቅ ሄድን። እኒህ አባት በሌላ ከተማ በነበረ ፋብሪካ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርተዋል፤ ሙሉውን ጊዜ የኖሩትም በፋብሪካው ቤት ነበር። «ጋሼ፥ ቤቱ ምን ይመስል ነበር?» ብለን ጠየቅናቸው።

«ሸጋ ቤት ነበረ፥ ልጆቼ» አሉ። «ሲሚንቶ ነው። ውሃ በደጁ አለ። አምስት ልጅ ወልጄበታለሁ። ጡረታ ወጣህ የሚለውን ደብዳቤ የሰጡኝ ዕለት ከሥሩ ሌላ ወረቀት ነበረ፤ በሦስት ወር ቤቱን አስረክብ ይላል። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ቁልፍ ይዤ ኖሬ፥ ለካ የሥራውም በር የቤቱም በር በዚያው ቁልፍ ነው የሚዘጋው።»

«ታዲያ አልተቈጡም?» አልናቸው።

«ማንን ልቈጣ? በቤቱ የሚገባውም እኮ እንደኔው ሠራተኛ ነው፤ አራት ልጅ አለው። አላህ ያኑረው ብዬ ቁልፉን ሰጠሁት።»

ስንወጣ ማናችንም ለጥቂት ጊዜ አልተናገርንም። ከዚያ ወዲህ ፑልማን ምን አገባን ያለ የለም።

መንግሥትስ ምን አደረገ? በ1967 ዓ.ም. ትልልቅ ፋብሪካዎች፥ ወንጂም ጭምር፥ የመንግሥት ሆኑ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 19 ቀን ደግሞ የከተማን ቦታና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት የሚያደርገው አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ። ኪራዩ ከ100 ብር በታች የሆነው ቤት ለቀበሌ ተሰጠ፥ ኪራዩም እስከ ግማሽ ድረስ ተቀነሰ። ብዙ ድኻ በዚህ አዋጅ ከአከራይ ቍጣ ዳነ፤ ይህ አይካድም። ነገር ግን በትንሽ ኪራይ ቤቱን የሚያድስ አልተገኘም፤ ለማከራየት ቤት መሥራትም ለብዙ ዘመን ቆመ። በደሴ ከተማ ጣራው የዛገ፥ ግድግዳው ያዘመመ የቀበሌ ቤት ለማየት ከፒያሳ ብዙ መራቅ አያስፈልግም።

ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ የሆነችው በመንገዷ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ አስመራ የሚሄደው መንገድና ወደ አሰብ ወደብ የሚገነጠለው መንገድ እዚያ ስለሚገናኙ፥ ሜዳም ስላላት፥ የቦርከና ወንዝም ስለሚያልፍባት፥ ለፋብሪካ የምትስማማ ሆና ተገኘች። በ1970ዎቹ ትልቁ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተተከለ፤ በ1990 ዓ.ም. ገደማ የቢራ ፋብሪካ ተከተለ፤ ቆዳና ብረታ ብረትም አለ። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ደግሞ በመጀመሪያው ምዕራፍ 75 ሄክታር የሚሆነው የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀ፤ ሲሞላ ወደ 20,000 ሰው ይቀጥራል ተብሎ ነበር። ከአንድ ዓመት በፊት የተመረቀው የሐዋሳው ፓርክም እንዲሁ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ወጣት ሴቶችን ከገጠር ጠራ። ለልብስ ስፌቱ ማሽን ሰፊ አዳራሽ ተሠርቶ ነበር፤ ማሽኑን ለምትዘውረው ልጅ ማደሪያ ግን አብሮ አልተሠራም። በ2011 ዓ.ም. ምሁራን ስለ ሐዋሳ ሲጽፉ የጀማሪዋ ሠራተኛ የወር ደመወዝ 26 የአሜሪካ ዶላር ያህል እንደ ነበረ ገልጸዋል። ከዚህ ላይ ኪራይ ሲነሣ የሚቀረውን የሒሳብ ክበብ ያስላው።

ኮምቦልቻም ያንኑ ታየለች። የመጣው ሰው በየግለሰቡ ግቢ፥ በጓሮ በተቀጠለ ክፍል፥ ሦስትም አራትም እየሆነ ገባ። እኅታችን ያለችበት ክፍል ከነዚህ አንዱ ነው። የግቢው ባለቤት አንዲት ባልቴት ናቸው፤ ቡና ስንጠጣ መጥተው አብረውን ተቀመጡ። ስለ ኪራይ ስንጠይቃቸው አላፈሩም። «ደመወዝ ተጨመረ ሲባል እኔም እጨምራለሁ፤ ጤፉ ለእኔም ይወደዳል እኮ» አሉን። ይህ እውነት ነው፤ ለሠራተኛይቱ የተጨመረላት ብር ሳይውል ሳያድር ወደ ባለቤቲቱ መቀነት ይገባል። ነገር ግን ስለ 2014 ዓ.ም. የነገሩን ደግሞ ሌላ ነው። በዚያ ዓመት ጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ወደ ደሴና ወደ ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ ፋብሪካዎቹ ቆሙ፤ ከተሞቹ እስከ ኅዳር መጨረሻ ድረስ ተይዘው ቆዩ፥ ፓርኩና ፋብሪካዎቹም ተዘረፉ። በታኅሣሥ ወር ደግሞ ኢትዮጵያ ወደ አሜሪካ ያለ ቀረጥ የምትልክበት ዕድል ታገደ። በዚያ ጊዜ በክፍሎቹ የነበሩት ልጆች በእግራቸው ወደየአገራቸው ሸሹ። ባልቴቲቱ የልጆቹን ፍራሽና ድስት ወደ ውስጥ አስገብተው ቆልፈው ጠበቁ። «ከተመለሱ በኋላ የነዚያን ወራት ኪራይ በምን አፌ እጠይቃለሁ?» አሉን።

ይህን በሰማን ጊዜ ሐሳባችን ከሁለት ተከፈለ። ቤቱ የፋብሪካው ቢሆን ኖሮ፥ ፋብሪካው ሲቆም ልጆቹ ወዴት ይመለሱ ነበር? ስለዚህ ግማሾቻችን፥ «የሠራተኛ ቤት ከፋብሪካ ይለይ። ማዘጋጃ ቤቱ ቦታ ይስጥ፥ ሠራተኞች በቤት ሠሪ ማኅበር ተደራጅተው በየወሩ እያጠራቀሙ እንደ ሙሉዝ ሰዎች የራሳቸውን ይሥሩ፤ ፋብሪካውም በመዋጮው ይርዳ» አልን። እኒያ ጡረተኛ አባት በዓይናችን ላይ ነበሩ።

የክበባችን ሴቶች አባሎች ግን ሌላ ነገር ተናገሩ። ኮምቦልቻ በሄድን ዕለት ወንዶቹ ስለ ኪራይ ስንጠይቅ እነርሱ ከአራቱ ልጆች ጋር ለብቻቸው ተነጋግረው ነበር። የሌሊት ፈረቃ ሲያበቃ የፋብሪካው ሰርቪስ የሚያወርደው አስፋልቱ ላይ ነው። ከአስፋልቱ እስከ ግቢው መብራት የለም። አራቱ ልጆች ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው አብረው ይሮጣሉ። አንዷ ከታመመች ሦስት ሆነው ይሮጣሉ። ሁለት ጊዜ የሆነባቸውንም ነገሩ፤ እዚህ አንደግመውም። ስለዚህ ሴቶቹ፥ «እናንተ ስለ ዐሥር ዓመት በኋላ ቤት ትናገራላችሁ፤ እነርሱ ዛሬ ማታ የሚያድሩበት ይፈልጋሉ። ከፋብሪካው በር አጠገብ፥ ዘበኛና መብራት ያለበት መኝታ ቤት ይሠራ፤ ቁልፉ የማንም ይሁን» አሉ። ደቡብ ቻይና በሺንዠን ከተማ በሚልዮን የሚቆጠሩ ከገጠር የመጡ ወጣቶች በፋብሪካ መኝታ ቤት እየኖሩ እንደ ሠሩም አስታወሱን። በዚያም ቢሆን በአንድ ክፍል ብዙ ሆኖ መኖርና የአሠሪው ቍጥጥር እንዳለ እናውቃለን።

ድምፅ ተሰጠ። አሥራ ሰባት ለሠራተኞች ማኅበር ቤት፥ አሥራ አራት ለመኝታ ቤት። አሸናፊዎቹ ከሞላ ጐደል ወንዶች ነበርን። ሒሳቡን እውነት እንደ ሆነ ስለምናቀርብ ይህንንም አንሸሽግም፤ በማታ መንገድ የማይሮጠው ነው ብዙ ድምፅ ያገኘው። በሁለተኛው ስብሰባ አንድ ነገር በአንድነት ተስማማን። መኝታ ቤት ይሠራ ከተባለ ኪራዩ ከደመወዝ ጋር እንዳይቈረጥ፥ ሥራዋን የለቀቀች ወይም የተባረረች ልጅ ሌላ እስክታገኝ በቂ ጊዜ እንዲሰጣት፥ ውሃውም በየጊዜው እንዲመረመር በጽሑፍ ውል ይግባ። የመንገድ መብራቱ ግን ማኅበርም ሆነ መኝታ ቤት የሚጠብቅ ጉዳይ አይደለም፤ ስለዚህ ሁላችንም ፈርመን ለሚመለከተው ክፍል ደብዳቤ ጽፈናል። እስከ ዛሬ መልስ አልመጣም።

ወላጆቻችን ሆይ፤ ከእናንተ መካከል ለተማሪ ክፍል የምታከራዩ አላችሁ። ቅር እንዳይላችሁ እንጂ፥ በክበባችን አሥራ አራቱን ተከራዮች ስንጠይቅ አምስቱ በራቸው ከውስጥ የሚዘጋ መቀርቀሪያ እንደሌለው ነግረውናል። መቀርቀሪያ በሰኞ ገበያ ይሸጣል። የእንጨት ሥራ የሚያውቁ ሁለት አባሎች ስላሉን ዕቃውን ለገዛ ወላጅ ያለ ዋጋ እንገጥማለን።

እኅታችን በኮምቦልቻ የማታ ትምህርት ለመጀመር ተመዝግባለች። ፈረቃዋ በየሁለት ሳምንቱ ስለሚለዋወጥ ከሁለት ሳምንት አንዱን ትምህርት ታጣለች፤ ስለዚህ የ11ኛ ክፍል ደብተሮቻችንን እየገለበጥን በየቅዳሜው በሚኒባስ ረዳት እጅ እንልክላታለን። ሒሳብ፥ ፊዚክስና እንግሊዝኛ ተሟልቷል። የኬሚስትሪ ደብተር ያለው፥ ጽሕፈቱም የሚነበብ ተማሪ ካለ፥ እስከ ዓርብ ድረስ ለክበቡ ጸሐፊ እንዲሰጥልን እንለምናለን።